በአመክሮ የወጣው ስልክ

ሚሌኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ይዤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ጅማ ኮምፒዩተር ተምሬ ገና መመለሴ ነበር። በሩ ላይ «ጽሕፈትና ኮፒ» ብዬ ልጻፍ እንጂ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በስልክ ጉዳይ ነው፤ መዝሙር ሊያስጭን፣ የቻይና ስልኩን ፍላሽ ሊያስደርግ፣ ከውጭ አገር የተላከለትን ሊያስከፍት። የቻልኩትን እሠራለሁ፤ ያቃተኝን «ይሄ የጅማ ሥራ ነው» ብዬ እሸኛለሁ።

መቶ አለቃ ወደ ሱቄ የገቡት ዝናብ እየዘነበ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወህኒ ቤት ሲጠብቁ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቴፒ መንገድ ቡናና ኮረሪማ አላቸው። ከሚስታቸው ጋር በቤንችኛ፣ ከቀረው ሰው ጋር በመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው የሚነጋገሩት። ሽምግልና ያለ እሳቸው አይቀመጥም። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ለሁሉም «መቶ አለቃ» ናቸው። ያን ቀን ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ካደረጉ በኋላ ከኮታቸው ውስጥ አንድ ጥቅል አወጡ። መሐረቡ ሲፈታ ፌስታል፣ ፌስታሉ ሲፈታ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ አይፎን ነበር።

ውጭ አገር ነርስ የሆነችው ልጃቸው በመንገደኛ የላከችላቸው ነው። ስልኩ እዚያ ከሸጠው የስልክ ድርጅት ጋር ተቆልፎ ስለመጣ የእኛን ሲም ካርድ አይቀበልም። ቢቀበልም ደግሞ አማርኛ አያውቅም፤ በአማርኛ የተጻፈን መልእክት የሚያሳየው ባዶ ሳጥን ደርድሮ ነው። የእሷ ስልክ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አማርኛ ይጽፋል፤ ለአባቷ ግን ውዱን ልላክ ብላ ነው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ልጻፍልዎ ብትላቸው እንቢ ብለዋታል። ከገዛ ልጃቸው ጋር በተውሶ ፊደል እንደማይጻጻፉ ለእኔም ነገሩኝ።

እንዲህ ዓይነት ስልክ ከዚያ በፊት በእጄ ይዤ አላውቅም። ጠያይቄ ሁለቱም ችግር በአንድ መንገድ እንደሚፈታ ደረስኩበት። ስልኩ ከተፈቀደለት ውጪ ሌላ ነገር እንዳይቀበል የተሠራበትን አጥር በሶፍትዌር ማፍረስ፣ ከዚያ ሲሙን መክፈት፣ ከዚያ የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ መጫን ነው። ፋይሉን በእኛ ኢንተርኔት ማውረድ የማይታሰብ ስለነበር ጅማ ያለች የክፍሌ ልጅ አውርዳ በፍላሽ አድርጋ ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠችልኝ።

ሥራውን ስጀምር መቶ አለቃ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ይቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሠራውን ሥራ ስም በትልቁ በእንግሊዝኛ ጽፎ መጣ። ጎንበስ ብለው ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ‹ጄይል› የሚለው የእኛው ጄይል ነው?»

«አዎ መቶ አለቃ። ጄይልብሬክ ይሉታል። እስር ቤት ሰብሮ ማስወጣት እንደማለት ነው።»

ቀና አሉ። በእሳቸው ዘመን ከእጃቸው ያመለጠ እስረኛ እንደሌለ፣ አንድ ብቻ በሽንት ቤቱ በኩል ሞክሮ ወገቡ ላይ ተቀርቅሮ እንደተገኘ፣ እሱንም ራሳቸው ጎትተው እንዳወጡት ተረኩልኝ። ነገሩ የማይሆን መስሎኝ ስልኩን ልመልስላቸው ዘረጋሁት። አልተቀበሉኝም። ማን እንዳሰረው ጠየቁኝ። የሸጠው ድርጅት ነው አልኳቸው።

«የተፈረደበት ነው ወይስ በቀጠሮ ያለ?»

ቀልድ መስሎኝ ዘወር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። በቀጠሮ ይመስለኛል አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ፍርድ ይህን ያህል ጊዜ ከቆየ ጥፋቱ የያዡ ነው አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቀጥዪ ማለታቸው ነበር።

የሥራው አስቸጋሪ ቦታ መጀመሪያው ነው። ማብሪያውንና ከታች ያለውን ክቡን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መቆየት፣ ከዚያ ማብሪያውን ለቅቆ ክቡን እንደያዙ መጠበቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ከተዛባ ከሥር ይጀመራል። እየደጋገምኩ ከሥር ጀመርኩ። መሐል ላይ መብራት ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ ስልኩ ነቃ፣ ሲሙን ተቀበለ፣ አማርኛውንም ጫንኩበት። ልጃቸው ያን ቀን የላከችው መልእክት ሳጥን ሳይሆን ፊደል ሆኖ ሲመጣ መቶ አለቃ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ምን እንዳለች አልነገሩኝም።

ዋናውን ጣጣ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ያ ዘዴ ጎደሎ ነበር፤ ስልኩ አንዴ ከጠፋ በራሱ አይነሳም። ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋም ሆነ ሰው በስህተት ቢያጠፋው፣ የተገመጠችው ፖም ላይ ተገትሮ ይቀራል። እንዲነሳ ከኮምፒዩተሬ ጋር ተገናኝቶ ያ ሁሉ መጫንና መልቀቅ እንደገና መሠራት አለበት። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ገባኝ» አሉ። «አመክሮ ነው። ወጥቷል፤ ግን እየመጣ ይታያል።»

እንዲህ ብለው ተረድተውት ደስ ብሏቸው ሄዱ። ችግሩ ግን እሳቸው ቤት መብራት አልገባም። አሮጌ የመኪና ባትሪ ገዝተው መኝታ ቤት አስገቡ፤ ስልኩ የሚያድረው እሱ ላይ ተሰክቶ ነው። ሚስታቸው ኬሻ እያለበሱ ከእርጥበት ይጠብቁታል። ፎቶ ማንሳት ተከለከለ፣ ዘፈን ተከለከለ፣ ጎረቤት መጥቶ «እስቲ ልየው» ማለትም ተከለከለ። ሲደወል ከማንሳታቸው በፊት ባትሪው ስንት እንደቀረው ያያሉ፤ እያዩ ጥሪው ይቋረጣል። እንዲያም ሆኖ ስልኩ ይጠፋል። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ባጃጅ ሲጠፋ፣ ቦቲያቸውን አጥልቀው ከአይሱዙ ጋቢና ይወርዱና ሱቄ በር ላይ ይቆማሉ። «አረፈ» ይሉኛል፤ እኔም ያለሁበትን ሥራ አቁሜ እነሳለሁ።

እንዳይጉላሉ ብዬ ፋይሉን ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ገልብጬ ሞክሬው ነበር። ያ ኮምፒዩተር ቫይረስ የበላው ስለነበር ስልኩን ጭራሽ አላወቀውም። መቶ አለቃ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ኮምፒዩተር በቀር ማንንም አላመኑም።

መብራት በማይኖርበት ቀን ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እሳቸውን የሚፈልግ ሰው እኔ ጋ መምጣት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽምግልናው ራሱ ወደ እኔ ሱቅ ዞረ። ከሁሉ የማስታውሰው የሁለት ጎረቤታሞችን ነገር ነው። በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ በተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ተጣልተው ነበር። አንዱ ግንዱ የቆመው በመሬቴ ላይ ነው ይላል፤ ሌላው ቀፎ የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ያለው በቡናዬ ላይ ነው ይላል። አንዱን ከኮፒ ማሽኑ ግራ፣ አንዱን ከቀኝ አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጡ። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ በጉልበቶች መሐል ያልፋል፤ እኔም ወረቀት ሳወጣ «ይቅርታ፣ አንዴ ይነሱልኝ» እያልኩ ዳኛ አስነሳለሁ።

ክርክሩ በጦፈበት ሰዓት መብራት መጣ። ኮምፒዩተሩ ተነሳ፣ እኔም ስልኩን ሰክቼ ቁልፎቹን ተጫንኩ። መቶ አለቃ እጃቸውን አንስተው ተከራካሪዎቹን ዝም አሰኙና መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ስልኩ ሲበራ «ተነሳ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ባለ ግንዱ ሰውዬ ስልኩ በምን ተከሶ እንደነበር ጠየቀ። መቶ አለቃ በዝርዝር አስረዱት። ባለ ቅርንጫፉ ደግሞ ዋስ የሆነው ማነው ብሎ ጠየቀ፤ ወደ እኔ ጠቆሙት። ሁለቱ ሰዎች ስለ ስልኩ እየተጠያየቁ ቆይተው ወደ ቀፎው ሲመለሱ ቁጣቸው በርዶ ነበር። ማሩን እኩል ሊካፈሉ ተስማምተው ወጡ።

ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው ሱቅ ነው። ቴፒ የቡና ችግኝ ጣቢያ ላይ ይሠራ ነበር። የሥልጠና ወረቀት ሊያባዛ መጥቶ ወረቀቱን ረስቶ ሄደ፤ ወረቀቱን ሊወስድ መጥቶ ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። በኋላ መርሳቱን ትቶ ዝም ብሎ መምጣት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ ደንቡ ተመካክረን እንመልሳለን ብሎ ቀጠሮ ሰጠና ዘመድ ወዳጅ ሰበሰበ። መቶ አለቃም ተጠሩ። ስለ ልጁ ጸባይ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ተጠያየቁ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ተባለ። ከዚያ መቶ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅቷ ቴፒ ከሄደች ኮምፒዩተሩ የት ሊሆን እንደታሰበ ጠየቁ።

አባቴ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው ስላልነበረ አቆመ።

የመልሱ ቀን የቴፒ ሽማግሌዎች በጊዜ መጡ። እናቴና እኔ በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆነን እናዳምጣለን። ሙሽራው በደንቡ መሠረት አብሯቸው ስላልመጣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። አባቴ ልጄን ፈቅጃለሁ አለ፤ ሁሉም እፎይ አሉ። አባቴ ቀጠለና አንዲት ቀሪ ነገር እንዳለች፣ እሷንም መቶ አለቃ እንደሚያስረዱ ተናገረ። መቶ አለቃ ተነሥተው ቆሙ። ኮምፒዩተሩ ከሚዛን ሊወጣ እንደማይገባ፣ አንድ በአመክሮ የወጣ በእሱ ሥር እንዳለ አስረዱ።

የቴፒ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ለመመካከር ፈቃድ ጠይቀው ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ቆሙ። ሲመለሱ፣ ኮምፒዩተሩ ከሙሽራዋ ጋር ቴፒ ይሂድ፣ መቶ አለቃም በፈለጉ ጊዜ ይምጡ፣ እንቀበላለን አሉ። መቶ አለቃ በአመክሮ የወጣ ሰው ያለ ፈቃድ ወረዳ አይቀይርም ብለው መለሱ። ከቴፒዎቹ አንዱ ፍርድ ቤት የሠሩ ሰው ኖረዋል፤ በዝውውር እንደሚቻል ተናገሩ። መቶ አለቃ ዝውውር ለታራሚ እንጂ ለአመክሮ አይደለም አሉ። ክርክሩ እዚህ ላይ ደረሰ። እኔን የጠቀሰ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ሻይ ቤት የሚጠብቀው ሙሽራ ደወለልኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነሳሁት። ምን እንዳቆያቸው ጠየቀኝ።

«ስለ አመክሮ ዝውውር እየተከራከሩ ነው» አልኩት።

በጣም በቀስታ «ማን ታሰረ?» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እናቴ ሽማግሌ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት ናት። ነጠላዋን አስተካክላ መሐላቸው ቆመች።

«ኮምፒዩተሩ ይቅር» አለች። «ልጄ ትሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ ከዚያ እንዲህ ከሆነማ ብለው ተነሥተው መረቁ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ ግን ተመሳሳይ መልስ ነበረኝ። ኮምፒዩተሩ በአባቴ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ፣ ከፖሊስተርና ከአቡጀዲ ጣቃዎች መሐል ሊቀመጥ ተወሰነ።

እስከ ሠርጉ ድረስ መቶ አለቃን አስተማርኳቸው። ፕሮግራሙን መክፈት ወዲያው ገባቸው። ያቃታቸው ጣታቸው ነው፤ አንዱን ቁልፍ ሲለቁ ሌላኛውም አብሮ ይለቃል። ተቆጥተው፣ አርፈው፣ እንደገና ሞክረው፣ በመጨረሻ ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ሚስታቸው አማርኛ እምብዛም አይናገሩም። መቶ አለቃ ክቡን ያዙ፣ ሚስታቸው ማብሪያውን ያዙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው በትንፋሽ ቆጠሩ፤ መቶ አለቃ በቤንችኛ ልቀቂ ሲሉ ሚስታቸው ለቀቁ። ስልኩ ነቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ በጠፋ ቁጥር ሁለቱ አብረው ወደ ከተማ ይመጡ ነበር። አባቴ እንደሚለው ሰው ጨርቅ ሊገዛ ገብቶ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ትንሽ ዕቃ ይዘው ሲቆጥሩ ሲያይ ጸሎት ላይ ያሉ እየመሰለው ይወጣል።

በሠርጌ ቀን መቶ አለቃና ሚስታቸው ለምርቃት ሲጠሩ አልተገኙም። ሙሽሮች ቆመን፣ ፀሐዩ ጠንክሮ፣ የባለቤቴ ኮሌታ በላብ ርሶ ጠበቅን። አባቴ ስልኩ እንደጠፋ ገብቶት የሱቁን ቁልፍ ለእነሱ እንደሰጠ ለሰዎች አስረዳ። ሲመጡ ሁለቱም ፊታቸው በርቶ ነበር። ልጃቸው ከውጭ ሆና በስልኩ ውስጥ እንድትመርቀን ነው ሊያስነሱት የሄዱት። ድምጿ እየተቆራረጠ መጣ፤ የሰማሁት «ልጆች» የሚለውን ብቻ ነው።

ያቺ ልጅ ከጊዜ በኋላ ለእረፍት መጣች። አባቷ ከመኪና ባትሪ ጋር ሲያድሩ፣ እናቷ ኬሻ ሲያለብሱ አየች። ወደ አባቴ ሱቅ ይዘዋት ሄደው ሁለቱ ሲጫኑና ሲለቁ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ስልኩን የሸጣት ድርጅት ውሏ ሲያልቅ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ እንደሚከፍት፣ ውሏም ካለቀ እንደቆየ፣ ያልጠየቀችው ተከፍቷል ብለው ስለጻፉላት እንደሆነ ነገረቻቸው። እዚያው ሆና ጠየቀች። ከሳምንታት በኋላ ስልኩን ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው ሙሉ በሙሉ ሲያድሱት እንኳን ደስ አለዎ፣ ስልክዎ ተከፍቷል የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወጣ። አሁን ጠፍቶ በራሱ ይነሳል። የፈለጉትን ሲም ይቀበላል።

መቶ አለቃ ቴፒ እኔ ቤት የመጡት ይህ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሳይነግሩኝ ነበር የመጡት። ባለቤቴ ወንበር አወጣላቸው፣ ውሃ ጠጡ፣ ስለ ቡናው አበባ አወሩ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው ሰጡኝ። የልጃቸውን መልእክት ከፈትኩት። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ነበር። ሲታደስ እኔ የጫንኩት አማርኛ ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል።

በሕግ እንደተፈታ፣ አሁን እንደገና ከነካሁት ያው የድሮው መንገድ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት።

«ቋንቋውን ቀምተው ከፈቱት ምኑን ፈቱት» አሉ። «ስበሪው፣ ልጄ።»

በባለቤቴ ላፕቶፕ ሠራሁት። በዚያን ጊዜ ዘዴው ተሻሽሎ ስለነበር ስልኩ ቢጠፋም ሰው ሳያስፈልገው ራሱ ይነሳል። ይህን ስነግራቸው አጥፍተው አበሩት፣ ደግመው አጥፍተው አበሩት። ከዚያ እንግዲያው ቴፒ የሚመጡት ለጥየቃ ብቻ እንደሚሆን ተናገሩ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። መልእክቱ በፊደል ሲመጣ ይህን ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡልን። ልጃቸው ጨው መተዋቸውንና የደም ግፊት ክኒናቸውን ከምግብ በኋላ መውሰዳቸውን ትጠይቃለች። አልተውኩም አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

ባለቤቴ ከጣቢያው የቡና ችግኝ አምጥቶ ሰጣቸውና አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ችግኞቹን ጭናቸው ላይ አቅፈው በአንድ ጣት ለረጅም ጊዜ ሲጽፉ አየኋቸው። አውቶቡሱ ገና ሰው እየጫነ ነበር፤ ረዳቱ «ሚዛን፣ ሚዛን» ይላል። የእኔ ስልክ ጮኸ። መቶ አለቃ ነበሩ፤ በንጹህ አማርኛ «በሰላም ደርሻለሁ» ይላል መልእክቱ። ቀና ብዬ አየኋቸው። መስታወቱን ከፈት አድርገው፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ነው አሉኝ።